ለትንሽ ትራክተር ጋቢናና የማስጠንቀቂያ መብራት ማስገጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምቱ ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። ከጃማም፣ ከደላንታም፣ ከቆቦም የሚመጣው ተመሳሳይ ነው፦ ትራክተሬ ላይ ጋቢና ላሠራ ነው፣ መብራት ላስገጥም ነው፣ ስንት ብረት ይፈጃል፣ ባትሪውን አይጨርሰውም ወይ። እዚህ የምናወራው ከ15 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ስላላቸው ትንንሽ ባለ አራት ጎማ ትራክተሮች ነው። ስለ ባለ ሁለት ጎማዎቹም መሀል ላይ ትንሽ አለ።

ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው ጋቢናዎች በረዶ ለሚጠርጉ ሰዎች የተሠሩ ናቸው። ወሎ ውስጥ ምን ይሠራልኛል?

እውነት ነው፣ አብዛኞቹ የአሜሪካና የካናዳ ናቸው። እዚያ ሰው በበጋ የግቢውን ሣር የሚያጭድበትን ትራክተር፣ ብርዱ ሲገባ ፊቱ ላይ የበረዶ መግፊያ ይገጥምለታል። የሚበተነው በረዶና ነፋሱ እንዳይገርፈው ደግሞ ከላይ ጋቢና ያለብሰዋል። ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ቀለል ያለ የብረት አጥንት፣ ከፊት መስታወት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ጎንና ጀርባው በዚፕ የሚከፈት ሸራ። ብርዱ ሲያልፍ ይወልቅና መጋዘን ይገባል።

እኛ ጋ የሚገፋ በረዶ የለም። ግን ሐምሌ ላይ ጃማ ሜዳ ዝናብና ነፋስ ከጎን እየመታው ቀኑን ሙሉ የሚያርስ ሰው አለ። ጉጉፍቱና ደላንታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ መሪ የያዘ እጅ ያደነዝዛል። ቆቦ ሜዳ ላይ ደግሞ ጣጣው ፀሐይና አቧራ ነው። ስለዚህ ሐሳባቸውን እንውሰድ፣ አሠራሩን ግን እንዳለ አንቅዳ። የእነሱ ጋቢና ሙቀት እንዳይወጣ ድፍን ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ እሱኑ አምጥታችሁ ቆቦ ላይ ብትገጥሙት እኩለ ቀን ላይ ውስጡ መቀመጥ አይቻልም።

ለወሎ የሚሆነው ጣሪያውና ፊቱ ቋሚ፣ ጎኑና ጀርባው የሚጠቀለል ሸራ የሆነ ነው። ለደጋው ሸራው ወፍራም ይሁን። ለቆላው ጣሪያው ከራስ ከፍ ይበል፣ ከጎንም ወጣ ይበል፣ ከላሜራው ሥር ኮምፔንሳቶ ወይም ስፖንጅ ይለጠፍበት። ባዶ ላሜራ ፀሐይ ላይ ምጣድ ነው።

ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ጋቢናውን ላስቀድም ወይስ መብራቱን?

መብራቱን። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ዝናብ ቢመታችሁ ትረጥባላችሁ፣ ከዚያ ትደርቃላችሁ። ከኋላ የመጣ መኪና ሳያያችሁ ከደረሰ ግን የሚመለስ ነገር የለም።

ሒሳቡን አብረን እንየው። ትንሽ ትራክተር አስፋልት ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና በ60 ይመጣል እንበል። ልዩነቱ 45 ነው፤ በየሰከንዱ 12 ሜትር ተኩል ይጠጋችኋል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስትወጡ ጉሙ ወርዶ ከሆነ 50 ሜትር አሻግሮ ማየትም ጥሩ ነው። ሾፌሩ 50 ሜትር ላይ ካያችሁ ያለው ጊዜ አራት ሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ይሄዳል። የቀረችው ጊዜ እርጥብ አስፋልት ላይ፣ ያውም ጭኖ ከሆነ፣ ምን ያህል እንደምትበቃው መኪና የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ከላያችሁ የሚያበራ መብራት የሚያይበትን ርቀት እጥፍ እንኳ ቢያደርግለት አራቱ ሰከንድ ስምንት ይሆናል። ጉም በሌለበት ጨለማ ደግሞ ከብዙ መቶ ሜትር ይታያል።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድም እንደዚያው ነው። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ቀንም ሌሊትም አሉበት። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ሰውም፣ ግመሉም፣ ከብቱም ጠርዙን ይዞ ነው የሚሄደው። እዚያ መሀል ያለ መብራት ትራክተር ይዞ መግባት በሰው ሕይወትም በራስም መጫወት ነው።

ምን ዓይነት መብራት ነው የማስጠንቀቂያ የሚባለው? የት ይሰቀላል?

ዋናው ብርቱካናማው ነው፤ ያ ከመንገድ ሥራ ማሽኖች ራስ ላይ የሚሽከረከረው ወይም ብልጭ ድርግም የሚለው። ሥራው ለሌላው ሾፌር "ፊት ለፊትህ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር አለ" ማለት ነው። ቀይና ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ አትግጠሙ። እሱ የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ነው። ሱቁ ውስጥ ሲያዩት ያምራል፣ ባለሱቁም ይሸጥላችኋል፣ ግን መንገድ ላይ ሰው ያደናግራል፣ ከትራፊክ ፖሊስም ያጋጫል።

ቦታው ከትራክተሩ ሁሉ ከፍተኛው ቦታ ነው፤ ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከጎንም መታየት አለበት። አንድ ነገር ልብ በሉ። መብራቱን ከዓይናችሁ ፊት ለፊት፣ ከጣሪያው የፊት ጠርዝ ላይ ካስቀመጣችሁት ብርሃኑ ኮፈኑ ላይና መስታወቱ ላይ እየተንጸባረቀ ራሳችሁን ያደክማችኋል፤ ጉም ሲሆን ይብሳል። ከመቀመጫው ጀርባ ባለው የጣሪያው ክፍል ይሁን። ገለባ ወይም ድርቆሽ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ መብራቱን ይጋርደዋል። በተሳቢው ጀርባ ሌላ ማብራት ወይም መብራቱን በዘንግ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከኋላ ሁለት ቀይ መብራቶች ይኑሩ። አንዱ በግራ ጫፍ፣ አንዱ በቀኝ ጫፍ። መሀል ላይ አንድ ብቻ ካለ ከሩቅ የሚያየው ሰው ሞተር ሳይክል ይመስለውና ጠባብ ቦታ በቂው ነው ብሎ ያልፋል። ከፍሬኑ ጋር የሚበራው የፍሬን መብራትና ፍሬቻው ቢኖሩ በጣም ጥሩ። ፍሬቻ የሌለው ትራክተር ወደ ግራ ወደ ማሳ ሲታጠፍ፣ ከኋላው ሊቀድመው የወጣ መኪና ጎኑን ያገኘዋል፤ ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ ነው።

ኤሌክትሪክ የማይፈልገውንም አትናቁ። አንጸባራቂ ተለጣፊ ርካሽ ነው፣ አይቃጠልም፣ ባትሪም አይበላም። በውጭ አገር በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ጀርባቸው ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይለጥፋሉ፤ መሀሉ ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ቀይ አንጸባራቂ ነው። ጫፉ ወደ ላይ ይሆናል። እኛም ከላሜራ ቆርጠን፣ ቀለም ቀብተን፣ ጠርዙን በአንጸባራቂ ብንለብጠው የሚከለክለን የለም። ጭቃ ከሸፈነው ግን እንደሌለ ቁጠሩት። ከማሳ ወጥታችሁ አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት ወርዳችሁ በጨርቅ ጥረጉት።

ሌላው የሥራ ባውዛ ነው፣ ማታ ለማረስ ወይም ለመውቃት ወደ ኋላ የሚያበራው ነጭ። እሱ የማሳ መብራት ነው። አስፋልት ላይ አብርታችሁት ከሄዳችሁ ከኋላ ያለው ሾፌር ፊት ለፊቱ የሚመጣ መኪና መስሎት ይደናገራል፣ ዓይኑም ይጠፋል። የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው፣ ከመንገድ መብራት ጋር በአንድ ማብሪያ አይታሰር።

ዲናሞዬ ትንሽ ነው። ይሄን ሁሉ መብራት ይችላል?

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ደግሞ ሳይገዛ በፊት ነው። መልሱ ዋትን በቮልት ማካፈል ብቻ ነው። ትራክተራችሁ 12 ቮልት ነው። ባለ 55 ዋት አሮጌው ዓይነት አምፖል አራት አምፔር ተኩል ይወስዳል። ሁለት ባውዛ ከሆነ ዘጠኝ አለፈ። ኤልኢዲ ከሆነ ግን ባለ 18 ዋቱ አንድ አምፔር ተኩል ብቻ ነው፣ ሁለቱ ሦስት። ብርቱካናማውም እንዲሁ፦ አሮጌው የሚሽከረከረው 55 ዋት ሊሆን ይችላል፣ ኤልኢዲው ከ10 እስከ 20 ዋት ነው። የኋላ ቀይ መብራት በአምፖል 5 ዋት፣ የፍሬኑ 21 ዋት ነው፣ እያንዳንዱ። የመስታወት መጥረጊያ ካለ ሞተሩ ሦስት አምፔር ገደማ ይጨምራል።

ከዚያ ዲናሞው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። አንዳንዱ ትንሽ ትራክተር 15 ወይም 20 አምፔር ብቻ ያመነጫል፣ ሻል ያለው 35 ወይም 40። የሁሉም መብራት ድምር ከዚያ ሦስት አራተኛውን ባያልፍ እመክራለሁ፤ ባትሪውም መሞላት አለበት፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ዲናሞው የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም። በዚህ ሒሳብ 15 አምፔር ያለው ሰው በአሮጌ አምፖል ሁሉንም ልግጠም ቢል ሁለት ባውዛና አንድ ብርቱካናማ ሳይጨርስ ገደቡን አለፈ። በኤልኢዲ ከሆነ ሁሉም ገብቶ ይተርፋል። ኤልኢዲ ሲገዛ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ዲናሞ ከመቀየር ይረክሳል።

ማረጋገጫው መልቲሜትር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። አሁን መብራቱን ሁሉ አብሩ። ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው እየቻለ አይደለም፤ ባትሪያችሁን እየበላችሁ ነው የምትሄዱት፣ ጠዋት አይነሣም። አንዱን መብራት ቀንሱ።

ሽቦውን ራሴ ብዘረጋውስ? ቤት ውስጥ የተረፈ ሽቦ አለኝ።

መዘርጋት ትችላላችሁ፣ የቤቱን ሽቦ ግን ተዉት። የቤት ሽቦ ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ስለማይነቃነቅ ዕድሜ አለው። ትራክተር ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ሽቦ መታጠፊያው ላይ ይሰበራል። የመኪና ሽቦ በቀጫጭን ክሮች የተሠራው ነው የሚያዋጣው። እስከ 10 አምፔር ለሚሄደው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ እስከ 20 ለሚሄደው ባለ 2.5 ውሰዱ።

ፊውዝ የግድ ነው። ቦታውም ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት። ማብሪያው ጋ ካስቀመጣችሁት ከባትሪው እስከ ማብሪያው ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውም፤ ብረት ነክቶ ከተላጠ እሳት ይነሣል። አጠገቡ ናፍጣ፣ በላዩ ደግሞ በመውቂያ ጊዜ የተጠራቀመ እብቅ አለ። የፊውዙ መጠን ሽቦውን የሚጠብቅ ይሁን። ለ1.5 ሽቦ ባለ 10 ፊውዝ። ሲቃጠል በትልቅ መተካት ወይም በብር ወረቀት መጠቅለል ችግሩን መደበቅ ነው፤ ለምን እንደተቃጠለ ፈልጉ።

ብዙ አምፔር ለሚወስዱት ሪሌ ይግባ። ትንሿ ማብሪያ ሁሉን ተሸክማ እንዳትቀልጥ፣ ሪሌው ከባዱን ይሸከምላታል። እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ፦ 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል ይመጣል፣ 87 ወደ መብራቱ ይሄዳል፣ 86 ከማብሪያው፣ 85 ወደ ማሳ (የእርሻው አይደለም፣ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር ነው)። አራት ሽቦ ነው፣ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም።

ማሳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ "መብራቱ ደብዘዝ አለ" ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚያ ስለሆነ። መኪና ላይ የመብራቱ አካል ብረት ከነካ ማሳ አገኘ ማለት ነው። ጋቢናችሁ ግን ድምፅ እንዳይበዛ ጎሚኒ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ቀለምም ተቀብቷል። ስለዚህ ጋቢናው ራሱ ከባትሪው ጋር በደንብ አይገናኝም። ለመብራቶቹ የራሳቸውን የማሳ ሽቦ ከሻንሲው ወይም በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ አምጡ። የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ላዩን ግሪስ ቀቡት። ሽቦው ብረት በስቶ በሚያልፍበት ሁሉ ጎሚኒ ይግባ። ናስትሮ ብቻውን ለክረምት አይበቃም፤ ቶሎ ይላቀቃል። ሽቦው ከማርሚታው፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው፣ ይራቅ።

የእኔ ባለ ሁለት ጎማ ነው፣ ባትሪ የለውም። ምን ላድርግ?

ጋቢናውን እርሱት፣ ለእሱ አልተፈጠረም። ለመብራቱ ግን መላ አለ። አንዳንዱ የፊት መብራቱን የሚያበራ ትንሽ ዲናሞ አለው፤ የሚያመነጨው ለባትሪ መሙያ የሚሆን ስላልሆነ ኤልኢዲ በቀጥታ አትቀጥሉበት፣ ይበላሻል። ቀላሉ መንገድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ የሞተር ሳይክልም ቢሆን፣ ተሳቢው ላይ አስሮ ብርቱካናማ ኤልኢዲና ሁለት ቀይ ከእሱ ማብራት ነው። ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሁለት አምፔር የሚወስዱ መብራቶችን ሁለት ሰዓት ያለ ሐሳብ ያበራል። ቀን በሶላር ይሞላል። አንጸባራቂውን ደግሞ በየቦታው ለጥፉበት።

ጋቢናው ከምን ይሠራ? ብየዳ ቤቱ ወፍራም ብረት ይሻላል ይለኛል።

ለበር ይሻል ይሆናል። ለትራክተር ጋቢና ግን ወፍራም ማለት ከባድ ማለት ነው፣ ያም ክብደት ከላይ ነው የሚቀመጠው። ወሎ ደግሞ ሜዳው ጥቂት ነው። ተዳፋት ላይ አግድም ስትሄዱ ከላይ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ ትራክተሩን ወደ ቁልቁለቱ ይስበዋል። እኔ ጠቅላላው ከ60 ኪሎ ባያልፍ ደስ ይለኛል። ይቻላልም።

ባለ 30 በ30 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ አንድ ሜትሩ 1.35 ኪሎ ገደማ ነው። ለአንድ ትንሽ ጋቢና 20 ሜትር ይበቃል፤ ከስድስት ሜትሩ አራት ዘንግ ብትገዙ ይተርፋል። 27 ኪሎ ሆነ። ጣሪያው 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከሆነ በካሬ ሜትር 6.3 ኪሎ ይመዝናል፣ አንድ ካሬ ተኩል ብንል 10 ኪሎ አይሞላም። ብየዳ ቤቱ የሚወደው 1.5ቱ ላሜራ ግን ለዚያው ጣሪያ 18 ኪሎ ነው። ፊቱ ባለ 3 ሚሊ ፖሊካርቦኔት ከሆነ አራት ኪሎ አይሞላም፣ ባለ 5 ሚሊ መስታወት 12 ተኩል ነው። ሸራና ብሎን ሲጨመር 50 አካባቢ ያርፋል። የሚያጠነክረው ውፍረቱ ሳይሆን በየማዕዘኑ የሚገባው ማሰሪያ ነው፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ስንዝር የምታክል ሰያፍ ብረት ይግባ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ጋቢናውን ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ) ላይ በብሎን አትያዙት። ቀጭን ነው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ትራክተሩ ሲሠራ የተዉለት የብሎን ቀዳዳዎች ሻንሲውና የኋላ አክስሉ ላይ አሉ፣ እነሱን ፈልጉ። አራት ቦታ ላይ፣ በ19 ቁልፍ የሚፈታ ብሎን፣ ከሥሩ ጎሚኒ፣ ከላይ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ። የማርሽ ሳጥኑን ብረት አትብሱ።

ብየዳው ከመጨረሱ በፊት ደግሞ ሰው ተቀምጦ ይሞክረው። መሪው እስከ ጫፍ ይዙር፣ ፔዳሎቹ ይረገጡ፣ ኮፈኑ ይከፈት፣ የናፍጣው ክዳን ይድረስ። ማረሻው እስከ መጨረሻ ሲነሣ ጀርባውን እንዳይመታው ተመልከቱ፣ ይሄ በጣም የሚረሳ ነው። ሾፌሩ በግራም በቀኝም መውጣት መቻል አለበት። አንዱን ጎን ድፍን አድርጎ መዝጋት ብረት ይቆጥባል፣ ግን ትራክተሩ በበሩ በኩል ቢተኛ መውጫ የለም።

ለፊቱ የቤት መስኮት መስታወት ቢገባስ?

በፍጹም። ሲሰበር እንደ ቢላ ሆኖ ነው የሚወርደው፣ ያውም ፊት ላይ። የሚሆነው የመኪና ፓራብሬዛ ነው፤ ሁለት መስታወት መሀሉ ፕላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም አይበተንም። እሱን መስታወት ቤት በልክ ይቆርጥላችኋል። የመኪና የጎን መስታወት ግን ሊቆረጥ አይችልም፣ ሲነካ ሁሉም ይፈራርሳል፤ ልኩ የሚሆነውን ማግኘት ነው ያለባችሁ። ፖሊካርቦኔት ቀላልና የማይሰበር ነው፣ በረዶም ይችላል። ጉዳቱ መጫጫሩ ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አትሹት፣ በብዙ ውኃና ሳሙና እጠቡት። ቤንዚንና ቲነር ካስነካችሁት ይደበዝዛል፣ አይመለስም። መጥረጊያ የሚገጠምለት ከሆነም መስታወቱን ምረጡ።

ትራክተሩ ከመቀመጫው ኋላ የቆመ ቅስት ብረት አለው። ጋቢናውን እሱ ላይ መበየድ አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን አታድርጉት። ያ ቅስት ትራክተሩ ሲገለበጥ ክብደቱን ተሸክሞ ሾፌሩን ለማትረፍ የተሰላ ነው። ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል፣ መብሳቱም ያዳክመዋል። ማሰር ካስፈለገ በውጭ በኩል በሚያቅፍ ማሰሪያ ይያዝ። ቅስቱ ያለው ሰው ቀበቶውን ይሰር፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። ቅስት ለሌለው ትራክተር ግን ቀበቶ አይታሰርም፣ ሲገለበጥ ከሥሩ ያስቀራል።

አደራ የምለው፣ የሠራችሁት የቱቦላሬ ጋቢና ይሄን ቅስት አይተካም። ዝናብ ይመልሳል እንጂ ትራክተር አይሸከምም። ጋቢናው እንዲገባ ቅስቱን ቆርጠው የሚያወጡ አሉ። ቅስቱ ይቅደም፣ ጋቢናው ለእሱ ይመቻች።

ትራክተሩን የሚነዳው ባለቤቴ ነው። ጋቢናው ከተሠራ ወዲህ ማታ ራሱን ያመዋል። ከምንድን ነው?

እህቴ፣ ነገ ሳይነዳው በፊት ጭሱን እዩት። የሞተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ሲበዛ ይገድላል። ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ያወጣል እንጂ ንጹሕ አይደለም። ጋቢና ከመሠራቱ በፊት ነፋሱ ይወስደው ነበር፣ አሁን ሸራው ይይዘዋል። ማርሚታው ከኮፈኑ ጎን ዝቅ ብሎ የሚተነፍስ ከሆነ ቱቦው ከጣሪያው በላይ እስኪያልፍ ይቀጠል ወይም ከጋቢናው ራቅ ብሎ ወደ ጎን ይውጣ። የማርሚታው መጋጠሚያዎች ይፈተሹ፣ ጥቁር ጥላሸት ያለበት ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ወለሉ ላይ የፔዳሎቹ ቀዳዳዎች በጎማ ይሸፈኑ። ከኋላ ያለው ሸራ ብቻውን ተከፍቶ አይነዳ፤ ሲሄድ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ከፊትም አንድ መግቢያ ይከፈት። ሲያዞረው ወይም ሲያቅለሸልሸው ወዲያው አቁሞ ይውረድ፣ ካልተሻለው ሐኪም ቤት ይሂድ።

ሌላው ድምፁ ነው። የላሜራ ጣሪያ ድምፅን ወደ ጆሮ ይመልሳል፣ ራስ ምታቱ ከእሱም ሊሆን ይችላል። ስፖንጁ ይለጠፍ፣ የጆሮ መድፈኛም ይግዛ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ብየዳ ቤት ስወስደው ምን ልጠንቀቅ?

የባትሪውን ኔጌቲቭ አስፈቱ፣ የዲናሞውንም ሽቦ አስነቅሉ። የብየዳው ኤሌክትሪክ በሽቦው ከተመለሰ ዲናሞውን ያቃጥለዋል። የብየዳው ማሳ ከሚበየደው ቦታ ጎን ይያዝ። ናፍጣ ታንከር አጠገብ ብየዳ የለም። ከሁሉ የሚሻለው ልኩን ትራክተሩ ላይ ወስዶ፣ በነጥብ ብቻ አያይዞ፣ አውርዶ መሬት ላይ መበየድ ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ብየዳው የሚያወጣው ነጭ ጭስ ሰውን ያንዘፈዝፋል፣ በያጁ ደጅ ይሥራው። ሲያልቅ አንቲረስት ይቀባ፣ የቱቦላሬው ጫፎች ይደፈኑ፤ ውኃ ከገባበት ከውስጥ ነው የሚበሰብሰው።

ተሳቢው መብራት ያስፈልገዋል?

ዋናው እሱ ነው እንጂ! ከኋላ የሚታየው ተሳቢው ነው። ቀይ መብራትና ፍሬቻ በሶኬት ይገናኝ። ሽቦው መታጠፊያው ላይ ላላ ብሎ ይተው፣ መሬት ግን አይጎተት። በጎኖቹም አንጸባራቂ ለጥፉ። ማታ መንገድ አቋርጦ የቆመ ተሳቢ ከጎን ጨርሶ አይታይም።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ሰሌዳ ላለው ትራክተር ስፋቱን፣ ከፍታውን ወይም መብራቱን ከመቀየራችሁ በፊት የከተማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ ጠይቁ። ብረቱ ከተገዛ በኋላ አይደለም፣ በፊት። ንድፉን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

በበጋ ላውልቀው?

ደጋ ከሆናችሁ እስከ ጥር ተዉት፣ ውርጩ አለ። የበልግ አራሽ ከሆናችሁ ደግሞ የካቲት ላይ ዝናቡ ሊመጣ ስለሚችል ሸራውን ብቻ አውልቁ፣ አጥንቱ ይቆይ። ቆላ ያላችሁ ጣሪያውን አትንኩት፣ ለፀሐዩ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሸራው ሳይደርቅ አይታጠፍ፣ ይሻግታል፤ አይጥ እንዳይበላው ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ጋቢናው ጨርሶ ከወለቀ ግን ብርቱካናማው መብራት አብሮት መጋዘን እንዳይገባ። ለእሱ አጭር ዘንግ አስበይዱና ሻንሲው ላይ በብሎን ይያዝ። የጋቢናው ሽቦ የተለያየበትን ሶኬት ግሪስ ቀብታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ ብሎኖቹንም መልሳችሁ በየቀዳዳቸው እሰሯቸው።